ደረቁን ነው የምመርጠው

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል የኔ እናት? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያቺ ጊደር የረገጠችው እግርሽ እንዴት ሆነ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር፣ ከቀኝ እጄም በቀር፣ ደህና ነኝ። የእጄን ነገር ቶሎ ያነሳሁት ጽሕፈቱን አይተሽ እንዳትደነግጪ ነው። አንጓው ላይ ተሰንጥቆ ጀሶ ታስሮልኛል፤ አምስት ሳምንት ይቆያል ብለውኛል። ላም ብሆን ኖሮ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅብኝ ጻፊልኝ፤ የከብት ሐኪም አባት ሆኜ ይህን አለማወቄ ያሳፍራል።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የምትጽፍልኝ የሆቴላችን ሼፍ ናት። መጀመሪያ «የሚጽፉልኝ የሆቴላችን ሼፍ ናቸው» ብዬ ነበር፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠችና የሰማንያ ዓመት አሮጊት አታስመስለኝ ብላ ተቆጣች። እንግዲያው «ናት» ይሁን። የተናገርኩትን እንዳለ እንድትጽፍ፣ እንደ ሾርባዋ ቅመም እንዳትጨምርበት፣ ምንም ብሰማ አልተውም እንድትል አስምያታለሁ። ስለ ስብራቴ የምነግርሽ መስሏታል። ለምን በስልክ አልነገርከኝም ትይኝ ይሆናል። በስልክ አንቺ «እሺ አባዬ፣ ሌላስ?» ትያለሽ፤ እኔ «ሌላ ደህና» እላለሁ፤ አለቀ። ይህ ደግሞ «ሌላ ደህና» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ነገሩ የጀመረው በሳህን ነው። ባለፈው ወር አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ባንኮኒዬ ጋ ቆሜ ብርጭቆ ስወለውል፣ ሼፏ ሽርጧን እንደታጠቀች ከወጥ ቤት ወጣችና ግማሹ ያልተነካ ዓሣ ያለበት ሳህን ፊቴ ዘጭ አደረገችው። «ይሄን ያዩታል?» አለችኝ። አየሁት። «ዓሣ ነው» አልኳት። «ዓሣ መሆኑንማ እኔ ነኝ የጠበስኩት» አለች። እንግዶቹ ገና ወንበር ሳይስቡ እኔ ቢራ እየሞላሁባቸው፣ የሷ ምግብ ሲደርስ ሆዳቸው ከበሮ ሆኖ እንደሚጠብቃት፣ በቀን ሃያ ሳህን እንዲህ እየተመለሰባት ቅስሟ እንደተሰበረ ነገረችኝ። እኔም ቢራውን የሚያዘው እንግዳው እንደሆነ፣ እዚያ ባንኮኒ ኋላ በቆምኩበት ሠላሳ አንድ ዓመት ማንንም በግድ አጠጥቼ እንደማላውቅ ነገርኳት። እውነቴን ነበር። ግን ድምፃችን ከፍ ብሎ ኖሮ ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ብቅ አለ።

ሥራ አስኪያጃችን ጸብ አይወድም፤ ጸብ ካየ ኮሚቴ ያቋቁማል። «ሆድ የሚዘጋ ሳይሆን ሆድ የሚከፍት መጠጥ ፈልጉ፤ ለእንግዳው ከምግብ በፊት በትንሽ ብርጭቆ እናቀርባለን። ሁለታችሁ ናችሁ ኮሚቴው» ብሎ በሩን ዘጋ። እኔና እሷ ተያየን። ስድስት ዓመት አንድ ሆቴል ስንሠራ ከ«እንደምን አደሩ» እና ከ«ሎሚ አልቋል» በቀር ብዙ አውርተን አናውቅም ነበር።

ታውቂኛለሽ፣ ሥራ ከተባልኩ እሠራለሁ። ከአከፋፋዩ አራት ዓይነት አስመጣሁ። አራቱም ጠንከር ያሉ ወይኖች ናቸው፤ ማለትም በወይኑ ላይ የወይን አረቄ ተጨምሮበታል። ለሷ እንዳስረዳኋት ላንቺም ላስረዳሽ። አረቄውን ወይኑ ገና እየፈላ፣ ስኳሩ ሳያልቅ ከጨመሩበት፣ መፍላቱን ያቆምና ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል። ፈልቶ ፈልቶ ስኳሩን ከጨረሰ በኋላ ከጨመሩበት ግን ደረቅ ይባላል። ደረቅ ማለት ጣፋጭነት የሌለው ማለት ነው እንጂ ሌላ ጉድለት የለበትም። ይህን በገዛ አፌ፣ ጣቴን እየቀሰርኩ፣ በሰው ፊት ተናግሬአለሁ። ልብ በይልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የምሳ እንግዳ ወጥቶ የራት ሳይገባ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። እኔ፣ እሷ፣ ሥራ አስኪያጁና መርፌ የምንለው አስተናጋጅ። መርፌ የተባለው ቀጭን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ወሬ ስለሚሰፋም ነው። እሷ ለየመጠጡ ጥቂት ሾርባና ቁራሽ ዓሣ በትንንሽ ሳህን አሰናድታለች። መጠጡን ብቻ ቀምሰን ምን እናውቃለን፣ ከሱ በኋላ የሚመጣው ምግብ ምን ምን እንደሚል ነው ማየት ያለብን አለች። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ስቀዳ ይህ አንድ ቀን እንኳ አልታየኝም። ይህን ስናገር እየሳቀች ነው የምትጽፈው።

መጀመሪያ ቀዩን ጣፋጭ ቀዳሁ። ሥራ አስኪያጁ ገና በቀለሙ ተማርኮ «በቃ ይሄ ነው» አለ። ሾርባውን ስናስከትል ግን ውኃ ውኃ አለን። ሁለተኛው ቡናማ፣ ወፈር ያለ፣ ዘቢብ ዘቢብ የሚል ነው፤ ምግብ ከተበላ በኋላ ቢሆን እኔም አልጠላውም፤ ከምግብ በፊት ግን በልተሃልና ተነስ የሚል መጠጥ ነው። ሦስተኛው ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር የተዘፈዘፈበት መራራ ነው። ሼፏ ወደደችው፤ መርፌ ግን ፊቱን አጨማዶ «ይሄማ የሆድ ትል መድኃኒት ነው፣ እንግዳው ሐኪም ቤት የገባ ይመስለዋል» አለ። አራተኛው ገለባ የመሰለ ቀለም ያለው ደረቁ ነው። በደንብ አቀዝቅዤዋለሁ። ተጎነጨሁት። ለውዝ ለውዝ፣ ትንሽ ጨው ጨው ይላል፤ ምላሴን ጠርጎልኝ ሄደ። ከዚያ ዓሣውን ቀመስኩ።

ልጄ፣ ራበኝ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እንዴት እንደምበላ አንቺ ታውቂያለሽ። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሜ፣ ከነድስቱ፣ ኪኒን እንደሚውጥ ሰው። ስትመጪ ብቻ ነው ላንቺ ስል የምቀመጠው፤ ያንንም አውቀሽብኛል። ሰባት ዓመት እንደዚያ ሆኜ፣ በዚያች ቀን የራሴን ዓሣ ጨርሼ፣ የመርፌን ዓሣ ጨርሼ፣ በዳቦ ሳህኑን ስጠርግ ራሴን አገኘሁት። ቀና ስል ሼፏ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ታየኛለች። ሌሎቹ ብርጭቆውን ነበር የሚያዩት።

ሥራ አስኪያጁ «ታዲያ የትኛው ይሁን?» አለ። እሷ ዓይኗን ከኔ ሳትነቅል «እኔ ደረቁን ነው የምመርጠው» አለች። መርፌን ሳል ያዘው። ሥራ አስኪያጁ ሰው ጣፋጭ ነገር ይወዳል፣ ጣፋጩን ብንወስድ ይሻላል ብሎ ሲከራከር «ጣፋጩን አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ጥርስ ያበላሻል» አለችው። እኔም አገዝኳት፤ እውነቷን ነው፣ ስኳር አለው አልኩ። ባሏ በአፉ ማር የሚያንጠባጥብ፣ በእጁ ግን ምንም የማይሠራ ሰው እንደነበረና ጥሏት እንደሄደ ሆቴሉ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን ስለ ወይን እያወራን ምን ብዬ ባሏን ላስብ?

ከዚያ የሙያ ግዴታዬ ስለሆነ አንድ ነገር አሳሰብኩ። ደረቁ ከተከፈተ ሳምንት አይቆይም፣ ቶሎ ጣዕሙን ይቀይራል፣ ጣፋጮቹ ግን ወር ቢቆዩ ምንም አይሆኑም አልኩ። እሷም «አይ፣ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ያው ቦታው ቆሞ አይቼዋለሁ፤ የከፈተው ሰው ጠፋ እንጂ አልተበላሸም» አለች።

እንግዲህ ፍረጂኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይገባው ነበር። እኔ ግን «ይህ ጠርሙስ የመጣው ያለፈው ማክሰኞ ነው» አልኩ። እሷ «የለም፣ ስድስት ዓመቱ ነው» ብላ ድርቅ አለች። በኔ ባንኮኒ፣ እኔ ሳላውቀው፣ ስድስት ዓመት የተቀመጠ ጠርሙስ አለ ማለቷ ነዋ! ሙያዬን የሰደበች መስሎኝ ደሜ ፈላ። «ካለ አውርጄ አሳይዎታለሁ፤ ከሌለ ግን ይቅርታ ይጠይቁኛል» ብዬ፣ የተከፈተውን ደረቅ በብብቴ እንደያዝኩ፣ የባንኮኒውን ረጅም ወንበር ስቤ ላዩ ላይ ወጣሁ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ። ከላይኛው መደርደሪያ ከአቧራ በቀር ምንም የለም። «ይኸው የለም!» ብዬ በድል ስዞር ወንበሩ ከእግሬ ሥር ሸሸ። ጠርሙሱም፣ እኔም፣ ክብሬም አብረን ወለሉ ላይ አረፍን። መርፌ ሊያነሳኝ እየሮጠ እንኳ አፉ አላረፈም፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላል።

ክሊኒክ የወሰዱኝ እሷና መርፌ ናቸው። መዝጋቢዋ ስሜን ስትጠይቅ እኔ ከሕመሙ ብዛት ጥርሴን ነክሻለሁ። መርፌ በኔ ፈንታ ሊመልስ አፉን ከፍቶ «ደረቁ…» አለና ክው ብሎ ቀረ። መዝጋቢዋ «ደረቁ ማን?» አለች፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች። መርፌ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። አፋጥጬ ስጠይቀው አወጣው። ከዘበኛው እስከ ልብስ አጣቢዋ ሆቴሉ ሙሉ ከኋላዬ «ደረቁ» ነው የሚለኝ። ስለማልስቅ። «ደረቁ ገባ፣ ደረቁ ወጣ፣ ደረቁ ዛሬ ፈገግ ሊል ነበር፣ ተወው» እየተባባሉ ነው የሚውሉት። ከመቼ ጀምሮ? አልኩት። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ስቀጠርም ነበረ» አለኝ።

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ያኔ ያ ጠረጴዛ፣ ያ ዓይን፣ ያ «ደረቁን ነው የምመርጠው» ያለችው፣ የመርፌም ሳል ሳይቀር ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ዞሬ አየኋት። አግዳሚው ወንበር ላይ ኮቴን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። ፊቷ እስከ አንገቷ ቀልቷል። «አሁን ገባህ?» አለችኝ። ልጄ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። ያቺ አንዲት «ህ» እጄ መሰበሩን አስረሳችኝ።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ ይህንንስ አልጽፍም ብላ ተሟግታኛለች። ምለሻል አልኳት። ከንፈሯን ነክሳ ጻፈችው።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አልፏል። ሥራ አስኪያጁ የወደቅኩለት መጠጥ ስለሆነ አፍሮ ደረቁን ተቀበለ። መርፌ ለእንግዳው ሁሉ «ይህን ሊያመጣልዎ ሰው ተሰብሯል» እያለ ያቀርበዋል አሉ፤ ሳህኖቹም ባዶ ሆነው ነው የሚመለሱት። እሷ በምሳና በራት ሥራ መሐል ባላት ሰዓት በየቀኑ እኔ ቤት ትመጣለች፤ ክዳን ባለው ድስት ምግብ፣ በትንሽ ጠርሙስ ደረቁን ይዛ። ምግቡን ሳትከፍት መጀመሪያ ብርጭቆዬን ትሞላና ፊቴ ታስቀምጣለች። የመጀመሪያ ቀን ብርጭቆውን በግራ እጄ ይዤ አየሁት። ስንት ሺህ ሰው ቀድቼ አጠጥቻለሁ፤ ለኔ ሲቀዳልኝ ምን ማለት እንዳለብኝ ጠፋኝ። «አመሰግናለሁ ይባላል» አለችኝ። አሁን ቁጭ ብዬ ነው የምበላው። ሱሪዬም ወገቤ ላይ ጠበበኝ።

ቁጭ ብለህ ከማን ጋር፣ እሷስ የት ተቀምጣ እንደምትዪ አውቃለሁ። እናትሽን በቀበርን ሳምንት፣ ሃያ ዓመትሽ ነበር፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመሽ፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበሯን እያሳየሽ «አባዬ፣ እዚህ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ እንዳላይ» አልሺኝ። ቃል ገባሁልሽ። ለማባበል አልነበረም፤ ከልቤ ነው። እስከ ዛሬም አላፈረስኩትም። ሼፏ የመጀመሪያ ቀን ያንን ወንበር ልትስብ እጇን ስትዘረጋ ፊቴን አየችና ተወችው። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። በረንዳ ወጥታ፣ የአበባውን ቆርቆሮ አውርዳ፣ ያቺን አጭር በርጩማ ይዛ ገባች። ጠረጴዛው አገጯ ጋ ይደርሳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ትልቅ ሴትዮ እንደ ሕፃን አንገቷን አስግጋ ትበላለች።

የኔ እናት፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ነገር ማለሳለስ አልችልበትም፤ ስሜንም ሰምተሻል። ይህችን ሴት እወዳታለሁ። ስትመጣ ኮቴዋን ከደረጃው ጀምሬ እለየዋለሁ፤ ስትሄድ በሩን ዘግቼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እቀራለሁ። እናትሽን አልረሳሁም፤ ፎቶዋም ካለበት አልተነሳም። የእናትሽ ፍቅር የእናትሽ ነው፤ ማንም አይካፈላትም። ግን እነዚህን ሰባት ዓመታት የኖርኩት ተዘግቼ ነበር፤ አንቺም በስልክ «ሌላስ?» ስትዪኝ በሩን ስታንኳኪ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ይቅር በይኝ።

ቃሉን የሰጠሁት ላንቺ ነው፤ ሊፈታልኝ የሚችልም ካንቺ በቀር የለም። እምቢ ብትዪ ቃል ቃል ነው፤ አላኮርፍሽም፤ እሷ ድስቷን ትጥዳለች፣ እኔ ብርጭቆዬን እወለውላለሁ፣ ኑሮ ይቀጥላል። ያማል፤ ግን ይቀጥላል። እሺ ብትዪ ደግሞ፣ ጀሶው በተፈታ ቀን፣ ታገቢኛለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት ነው።

ከዚህ ጀምሮ ፊደሉ የተንጋደደው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ጽፋ እስክሪብቶውን አስቀመጠችና ተነሳች። ጀርባዋን ሰጥታኝ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅሁም፤ መጠየቅም ፈራሁ። ጎረቤቴን ማጻፍ እችል ነበር። ግን ፊት ለፊት ልንገራት ብል አፌ እንደሚተሳሰር ስለማውቅ፣ ላንቺ ስናገር ትስማው ብዬ ነው። ደረቅ ሰው የሚያውቀው ዘዴ ይህ ብቻ ነው። ልቤ እንደ ጎረምሳ ልብ እየደለቀ ነው፤ ሙያሽ ነውና ይህም በስንት ሳምንት እንደሚሻል ንገሪኝ።

ይኸው ፊደሉ ቀና አለ። ተመልሳ እስክሪብቶውን ከእጄ ነጠቀችኝ። አፍንጫዋ ቀልቷል፤ ጥርሷ ግን ይታያል። ቀድሞ ልጅህ ትመልስልህ፣ እኔን ከዚያ በኋላ ትጠይቀኛለህ ብላኛለች። የሚከተለውን ደግሞ ከኔ ተብሎ ይጻፍ አለች፤ አንቺ ፈቀድሽም ከለከልሽም በእናትሽ ወንበር ላይ አትቀመጥም። እሱ ባለበት ይኑር፤ ስትመጪ አንቺ ትቀመጪበታለሽ። እሷ፣ ከፈቀድሽ፣ ከቤቷ የራሷን ወንበር ይዛ ትመጣለች። ከበርጩማዋ እንድትገላግያት ግን ወገቧ ይለምንሻል።

እንግዲህ ልጄ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን። የምትውዪበት በረት፣ የምታድሪበት ቤት ሰላም ይሁን። የእናትሽ ነፍስ በደስታ የምታይሽ ሁኚ። ከሩቅ የሚያስብሽ አይጥፋ፣ ከቅርብ የሚያሳዝንሽ አይገኝ። እኔም በሕይወት ቆይቼ ከኛ ጋር በአንድ ገበታ ስትበዪ ለማየት ያብቃኝ።

ከኔ ስም ሥር እሷም እንድትፈርም ጠየቅኳት። ምን ብዬ? አለች። «የሆቴሉ ሼፍ» ብላ ብትፈርም ውሸት ይሆንብኛል አለች፤ ሌላ ነገር ብላ ብትፈርም ደግሞ አንቺን መቅደም ነው። ብዙ አሰበችና ከመጠሪያዋ የመጨረሻዋን ፊደል ብቻ ጻፈች። ከፊቷ ያለውን አንቺ ሙዪና ወረቀቱን መልሰሽ ላኪልን።

አባትሽ

እና …………ሽ